ያልታየው ሰማያዊ ክር

«እማ፣ ፊልሙ ስለ ምን ነበር?»

ልጇ ይህን የጠየቃት ፊልሙ እንዳለቀ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሳሎን ውስጥ ባለችው ጠባብ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የኮምፒዩተሩን ስክሪን ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሙሉ አብረው አይተዋል። እግሯ ደንዝዟል፤ ምሳው ምድጃው ላይ ቀዝቅዟል። ፊልሙ ልጇ አራት ዓመት የለፋበት የመጀመሪያ ሥራው ነው። ከአስተማሪዎቹና ከክፍል ጓደኞቹ በቀር ማንም አላየውም ነበር።

«በጣም ያምራል» አለችው።

«ማማሩን ተዪው። ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ሥራ አይደል? ስለ ልብስ ማጠቢያ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀና ኮምፒዩተሩን ከደነ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ተነሥቶ ምሳውን ራሱ አሞቀ፤ እየበሉም ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

እናትየዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ማንበብና መጻፍ የጀመረችው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ትከታተላለች። ስትጨነቅ ልክ የላትም። ልጇ አሥር ደቂቃ ከዘገየ በር ላይ ትቆማለች፤ ካሳለው መድኃኒት ቤት ትሮጣለች፤ ደህና ነኝ ካላት ደግሞ ምን ደብቆኝ ይሆን ትላለች። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፊልሙ ማሰብ አላቆመችም። በመጀመሪያ «እኔ ያልተማርኩ ስለሆንኩ ነው ያልገባኝ» ብላ ራሷን አጽናናች። ቆይታ ግን የባሰ ሐሳብ መጣባት፦ ለእሷ፣ ዕድሜዋን በዚያ ክፍል ለጨረሰችው ካልገባ ለማን ሊገባ ነው? ፊልሙ ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ በሰው ፊት ይታያል።

በዚህ ሐሳብ ተውጣ ማክሰኞ ዕለት ወደ ትምህርቷ ስትሄድ፣ ደረጃው ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጋጨች። የጎልማሶች ትምህርት የሚሰጠው በከተማው አሮጌ ሲኒማ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ስለሆነ፣ ሽማግሌውን በዓይን ታውቃቸዋለች። አርባ ዓመት ፊልም ያጫወቱ ሰው ናቸው። ድሮ ፊልም በቆርቆሮ ውስጥ ተጠቅልሎ በሚመጣበት ዘመን ያንን ከባድ ጥቅል በትከሻቸው ስለሚያመላልሱ «ጋሽ ጥቅል» የሚለው ስም ወጣላቸው፤ ጥቅሉ ቀርቶ ሁሉም ነገር ቁልፍ መጫን ሲሆንም ስሙ አልቀረም። ያን ቀን መደገፊያው የተሰበረ የአዳራሽ ወንበር ተሸክመው ይወርዱ ነበር።

«ምነው እህቴ፣ ደረጃ እየቆጠርሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አሏት።

ይቅርታ ጠየቀቻቸውና ልታልፍ ነበር፤ ግን የያዛት ሐሳብ አላስቻላትም። የቅዳሜውን ፊልም ያውቁት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ያ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው? የአንቺ ልጅ ነው የሠራው?» ወንበሩን መሬት አስቀመጡት። «እኔማ የአዳራሹን ማራገቢያ አሠርቻለሁ። ሰው ሲተኛ እንዳይሞቀው ብዬ።»

ሳቀች፤ ወዲያውም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሽ ጥቅል ደነገጡና ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፤ እሳቸውም ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩን በግልጽ አስረዷት። የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ለጀማሪዎች አንድ ደንብ አለው፦ ከገባው ሰው ከግማሽ በላይ እስከ መጨረሻው ከቆየ ፊልሙ አንድ ሳምንት ይታያል፤ ካልሆነ ግን ዳግመኛ አይገባም። ቆጣሪው ደግሞ ጋሽ ጥቅል ናቸው። የአዳራሹ ወንበሮች ሰው ሲነሣባቸው በሽቦ ተስፈንጥረው የሚታጠፉ አሮጌ የእንጨት ወንበሮች ስለሆኑ፣ አንድ ሰው በወጣ ቁጥር «ጧ» ይላሉ። ጋሽ ጥቅል በማጫወቻ ክፍላቸው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው፣ ወንበር በጮኸ ቁጥር ደቂቃውን በደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርገዋል። የትኛው ፊልም የት ቦታ ላይ ሰው እንደሚያስወጣ ከሠሪዎቹ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

«ልጅሽ አምስት አዳራሽ አንኳኩቶ ነው እዚህ የደረሰው» አሏት። «ከዚህ ከወጣ በዚህ ከተማ የሚሄድበት የለውም። ሐሙስ ጠዋት ይዘሽው ነይ። ሰው ሳያየው እኛ እንየው።»

ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተቀየረ። የፊልም ትምህርት ቤት በማዕረግ የጨረሰ ሰው፣ ወንበር ሲጮህ የሚቆጥር ሽማግሌ ምን ሊያስተምረው ነው? እናቱ ግን ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር እንደተቀያየረች ስትነግረው እምቢ ማለት አልቻለም። ፈረቃ መቀያየር ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያደረገችው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ በጠባቡ የማጫወቻ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ታች አዳራሹ ባዶ ነው። ጋሽ ጥቅል ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና «ዛሬ ወንበሩ እኔ ነኝ፤ ሰው የሚነሣበት ቦታ በደረሰ ቁጥር ምልክት አደርጋለሁ» አሉ።

ፊልሙ ተጀመረ። በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው። ከአጭር መግቢያ በኋላ እንፋሎት በአንድ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ሲንሳፈፍ ዘጠኝ ደቂቃ ይታያል። ዝናብ መስኮት ላይ ሲወርድ ሰባት ደቂቃ። አንዲት ሴት ከተከመረ የቆሸሸ አንሶላ ውስጥ አንድ በአንድ እያነሣች፣ ጥጉን እያየች፣ ወደ ጋሪ ስትጥል አሥራ አንድ ደቂቃ። ምስሉ በእውነት ያምራል፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም። ብርሃኑ በእንፋሎቱ ውስጥ ሲገባ እናትየዋ ራሷ የምትሠራበትን ክፍል እንደ አዲስ ነበር የምታየው። ጋሽ ጥቅል ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ በደብተራቸው ላይ አሥራ አራት ምልክት አድርገው ፊልሙን አቆሙት።

«ልጄ፣ ቅር አይበልህ» አሉ። «አንድ ሰው መንገድ ላይ እጅህን ይዞ ‹ስማኝማ› ቢልህና ከዚያ ዝም ብሎ ቢያይህ ስንት ደቂቃ ትቆምለታለህ?»

«ጋሼ፣ በአክብሮት ልናገርና» አለ ልጁ፣ «እርስዎ የለመዷቸው ፊልሞች ተመልካቹን እየጎተቱ ነው የሚወስዱት። አሁን አልቅስ፣ አሁን ሳቅ ይሉታል። እኔ ዓይኑን እንዲጠቀምበት ነው የምፈልገው። ሰው ዛሬ ሁሉን ነገር ያልፈዋል እንጂ አያየውም። እንፋሎትን ቆም ብሎ ያየ ስንት ሰው አለ?»

«እኔ አያለሁ፤ ሻይ ሲፈላ። ግን ዘጠኝ ደቂቃ አላየውም፤ ሻዬን እጠጣለሁ።»

«ሻይዎን ሲጠጡ ግን ሻይ ያፈላችውን ሰው ልብ አይሏትም። እኔ እሷን እንዲያዩ ነው የምለምንዎ። እናቴ በዚያ ክፍል ውስጥ በቀን ስምንት ሰዓት ትቆማለች። ተመልካች ሦስት ሰዓት ቢቀመጥ ምን ይሆናል?»

እናትየዋ ሁለቱንም ስታዳምጥ ሁለቱም ልክ መሰሏት፤ ይህም የበለጠ አስጨነቃት። ልጇ የእሷን ድካም ለሰው ሊያሳይ እንደለፋ ስትሰማ ኩራት ተሰማት። ሽማግሌውም ግን አልዋሹም፤ እሷም በሳሎኑ ሶፋ ላይ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ሸልቧት ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ልጁ ቀጠለ። ታሪክ የለውም መባሉ እንደሚያሳዝነው፣ ታሪኩ አራተኛው ደቂቃ ላይ በግልጽ እንደተነገረ፣ ተመልካቹ ካላስተዋለ ጥፋቱ የተመልካቹ እንደሆነ ተናገረ።

«አራተኛው ደቂቃ ላይ ምን አለ?» አለች እናቱ።

ወደ ኋላ መለሰው። መርፌ የያዘ እጅ በአንሶላ ጥግ ላይ ክር ሲሰፋ ታየ።

«ይኸው። ክሩ።»

እናትየዋ ተነሥታ ወደ ትንሿ መስኮት ተጠጋችና ታች ስክሪኑን አተኩራ አየች። «የምን ክር?»

«ሰማያዊው ክር ነዋ፣ እማ።»

«እዚህ ሰማያዊ የለም፣ ልጄ። ግራጫ ነው ያለው። አንሶላውም ግራጫ፣ ክሩም ግራጫ።»

እዚህ ላይ አንባቢ የክሩን ነገር ማወቅ አለበት። ልጁ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ እናቱ በምትሠራበት ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ አርባ አንድ ቀን ተኝቶ ነበር። እሷ ምድር ቤት ታጥባለች፤ በሥራ ሰዓት ወደ ላይ መውጣት አይፈቀድላትም። ስለዚህ ሁለት አንሶላ መርጣ ጥጋቸው ላይ ሰማያዊ ክር ሰፋችና ለአንዲት ነርስ ሰጠች፤ ነርሷም እያቀያየረች በባሏ አልጋ ላይ ታነጥፋቸው ነበር። በየማለዳው የቆሸሸው ክምር ሲወርድ እናትየዋ ያንን ክር ትፈልጋለች። በዚያ ሆስፒታል የሞተ ሰው በተኛበት አንሶላ ተጠቅልሎ ስለሚወጣ ያ አንሶላ ወደ ታች አይመለስም። ክሩ ከመጣ ባሏ ሌሊቱን በሕይወት አድሯል ማለት ነው። ልጁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ከፍቶ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «መጣ?» አርባ ቀን «መጣ» አለችው።

ልጁ ፊልሙን የሠራው በዚህ ላይ ነው። ክሩ ለእሱ የልጅነቱ ትልቁ ነገር ስለሆነ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መስሎታል። ከዚያም በቀለም የተቀረጸውን ፊልም ለምስሉ ውበት ብሎ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀይረው፣ ታሪኩን የተሸከመችውን አንዲት ቀለም በገዛ እጁ አጠፋት።

«ፊልሙ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው» አለ ልጁ። ድምፁ ግን ንግግሩ ሳያልቅ ዝቅ አለ።

«ስለ እኔ ነበር እንዴ?» አለች እናቱ።

«ስለ አንቺና ስለ አባባ ነው።»

ጋሽ ጥቅል መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠርዝ መጥረግ ጀመሩ። ለረጅም ጊዜም ጠረጉት።

ይህም ሆኖ ልጁ ወዲያው አልተሸነፈም፤ አራት ዓመት የለፋ ሰው በአንድ ጠዋት አይሸነፍም። ቀለም ከገባ የምስሉ ስምምነት ሁሉ እንደሚፈርስ፣ አስተማሪዎቹ ያደነቁት ያንን ግራጫ እንደሆነ፣ አንድ ነርስም ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደምታስረዳ ተከራከረ። ያን ያህል የታገሠ ሰው ዋጋውን ያገኛል አለ፤ እናቱ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ሶፋው ላይ ሸልቧት አልፏት ነበር። ጋሽ ጥቅል እስከዚያ ድረስ አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩት እሳቸውና ማራገቢያው ብቻ እንደሚሆኑ ነገሩት።

በዚህ ጊዜ እናትየዋ፣ ለማንም አልናገርም ብላ የያዘችውን ነገር አወጣች።

«አምና ለአክስትህ ደብዳቤ ጻፍኩላት» አለች። «በሕይወቴ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ነው። እንዲያምርልኝ ብዬ አራት ጊዜ ገለበጥኩት። ፊደሉ እኩል፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፤ ዳር ዳሩን በአረንጓዴ እስክሪብቶ አበባ ሣልኩበት። ሰላምታውን፣ የአየሩን ነገር፣ የአንተን መመረቅ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ሞላ። ሁለት መስመር ቀርቶኝ ነበር፤ ባጣብበው ሊበላሽብኝ ሆነ። ተውኩት።»

«ታዲያ?» አለ ልጁ።

«አክስትህ ደወለችልኝ። አለቀሰች። ‹እህቴ እንዲህ ትጽፋለች› ብላ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታ፣ በመስታወት አድርጋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እስካሁን እዚያው ነው።»

«ያልጻፍሻቸው ሁለት መስመሮች ምን ነበሩ?»

«ዓይኔን ልታከም ነው፣ ነይና ሁለት ሳምንት አብረሽኝ ሁኚ የሚል። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለእሱ ነበር።»

ልጁ እናቱን አየ። «ብቻሽን ነው የታከምሽው?»

«የዓይን ክፍሉ ነርስ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘችኝ። አንድ ዓይኔ ቢሸፈንም በሌላው የአውቶቡሱን ቁጥር አነበብኩት፤ ማንበብ ስለምችል ነው እንጂ እጠፋ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ለቀረጻ ሄደህ ነበር። በስልክ ስትጠይቀኝም ደህና ነኝ አልኩህ። እኔም አላጣበብኩብህም፤ እንዳይበላሽብህ ብዬ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው አጭር ነው። ፊልሙ ቀርፋፋ መሆኑ እንዳላስከፋት፣ የዚያችን ሴት እጅ አሥራ አንድ ደቂቃ ማየት እንደማይሰለቻት፣ ምን እየፈለገች እንደሆነ ግን ቀድሞ ሊነገራት እንደሚገባ ነገረችው። «ምን እንደምጠብቅ ካወቅኩ ቀኑን ሙሉ እጠብቃለሁ» አለችው። «ሳላውቅ ግን እግሬ ብቻ ነው የሚደነዝዘው። ደብዳቤህን ሰው እንዲሰቅልልህ ነው ወይስ እንዲመጣልህ?»

ልጁ ተነሣ። ኮምፒዩተሩን አቅፎ ወጣ። እናቱ እስከ አርብ ከሰዓት ድረስ ልቡን የሰበረችው መስሏት ስትጨነቅ ቆየች፤ በክፍሉ በር ስር ያለፈ የመብራት ጭላንጭልና የቁልፍ ሰሌዳው ድምፅ ብቻ ነበሩ አለመተኛቱን የሚነግሯት።

አርብ በዘጠኝ ሰዓት አዲሱን ፊልም ይዞ ጋሽ ጥቅል ዘንድ መጣ፤ እናቱንም አስከትሏል። የኮሪደሩ እንፋሎት ወደ አንድ ደቂቃ ወርዷል፤ ዝናቡ ጨርሶ ወጥቷል። ፊልሙ ግራጫ እንደሆነ ቀርቷል፤ ክሩ ብቻ ሰማያዊ ሆኗል። ነርሷ ስለ ክሩ የምትናገረው ቃል ከሁለት ሰዓት በኋላ ከነበረበት ወደ መጀመሪያው መጥቷል፤ በሩን ከፍቶ «መጣ?» የሚለው ልጅም ከእሱ ቀጥሎ ይታያል። ጠቅላላ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሆኗል።

«አሥራ አንዷን ደቂቃ ግን አልነካሃትም» አሉ ጋሽ ጥቅል። «እሷንም አሳጥራት። አንድ ደቂቃ ይበቃታል። እኔ ሰው አውቃለሁ።»

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይዩልኝ። ከዚያ ቁረጥ ካሉኝ እቆርጣለሁ።»

ሽማግሌው ደብተራቸውን ከፈቱ። ያቺ ሴት አንሶላ አነሣች፤ ጥጉን አየች፤ ክር የለም፤ ጣለች። ሌላ አነሣች። ክር የለም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጋሽ ጥቅል ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ። ስድስተኛው ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጡት። ክምሩ እያነሰ፣ እያነሰ ሲሄድ እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጦ ነበር። የመጨረሻው አንሶላ ጋሪው ውስጥ ሲወድቅና ሴትዮዋ ባዶውን ወለል ስታይ፣ በደብተሩ ላይ አንድም ምልክት አልነበረም።

«አትንካት» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ዓመት ሙሉ ርዝመት ነው ሰው የሚያስወጣው ብዬ አምን ነበር። ተሳስቼ ኖሯል። የሚያስወጣው ምን እንደሚጠብቅ አለማወቁ ነው።»

እንግዲህ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ሐሳባቸውን ለወጡ። ወጣቱ፣ ውበት ታሪኩን የሚሸፍን ሲሆን ለማንም እንደማይጠቅም ተረዳ፤ ሽማግሌውም፣ ታሪኩ ከታወቀ ዝግታ ራሱ ጉልበት እንደሚሆን ተቀበሉ። ጥቅሙም ብዙ ነው። የሚናገረውን ቀድሞ የሚያስታውቅ ሰው ረጅም ጊዜ ይደመጣል። ተመልካቹ እንደ ተማሪ ሳይፈተን እንደ እንግዳ ይስተናገዳል። ሠሪውም የምስሉን ውበት አያጣም፤ እንዲያውም ያኔ ነው ውበቱ የሚታይለት። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ንግግር የሚያደርግ፣ ልጅ የሚመክር ሁሉ ይህንኑ ቢያስብ መልካም ነው። እናትየዋም በበኩሏ፣ ለልጇ ደህና ነኝ ከማለቷ በፊት ደህና መሆኗን ማጣራት እንዳለባት ለራሷ ነገረች። ይህንን ምን ያህል እንደምትፈጽመው ግን አይታወቅም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልሳ አንድ ሰው ገባ። አብዛኞቹ ከልብስ ማጠቢያው የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ የተቀሩት ከመንገድ የገቡ ናቸው። እናትየዋ ከኋላ መደዳ ተቀምጣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ፊልሙ ለአንድ ሳምንት እንዲታይ ያን ዕለት ፈረመ።

ሃምሳ ሁለት ሰው እስከ መጨረሻው ቆየ። ዘጠኝ ሰው ወጣ። አራቱ የአሥር ሰዓት ፈረቃ የነበራቸው አጣቢዎች ናቸው፤ እየተቆጩ ነው የወጡት። ሁለቱ ሕፃን ያለቀሰችባቸው ባልና ሚስት ናቸው። ሁለት ወጣቶች ለምን እንደወጡ አልታወቀም። ዘጠነኛው የፊልሙ ሠሪ፣ ልጇ ነበር፤ በፊልሙ ያለችው ሴት የአርባ አንደኛውን ማለዳ የመጀመሪያ አንሶላ ከክምሩ ስታነሣ ተነሥቶ ወጣና መብራት እስኪበራ ድረስ አልተመለሰም።